«የእናቴ»

በአያቴ ግቢ ውስጥ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው የሚወርደው የዝናብ ውኃ በሚያርፍበት ቦታ፣ ስም የሌላት አንዲት ጽጌ ረዳ ነበረች። ቁመቷ ከሰው ወገብ አያልፍም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ሲጋመስ ማበብ ትጀምራለች፤ ጥቅምት ሳያልቅ አራግፋ ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሚቀጥለው መስከረም ድረስ ቅጠልና እሾህ ብቻ ናት። እንግዳ ሲመጣ የሚያደንቀው በበሩ ግራና ቀኝ የቆመውን ቀይ ድርብርብ ጽጌ ረዳ ነበር እንጂ እርሷን አልነበረም። አያቴ ግን ቀዩን ለእኛ ለልጆቹ ትተው ያችን በገዛ እጃቸው ያጠጡ ነበር። ስሟን ስንጠይቃቸው «የእናቴ ናት» ይሉናል። በዚሁ ምክንያት በቤታችን የአበባዪቱ መጠሪያ «የእናቴ» ሆኖ ቀረ።

አያቴ በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። አምና መስከረም ላይ ሰፈሩ ከሚመጣው ክረምት በፊት እንደሚፈርስ ተነገረን። አክስቴ ደውላ ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን ምን እንደሚወስድ ካወራችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የእናቴንስ ምን እናድርጋት?» አለችኝ። ከቤተሰቡ አንዱ ከአበባ መሸጫ የተሻለች ገዝተን እንተካታለን ብሎ ነበር። እኔ ግን ምን እንደሆነች ሳላውቅ በምን እንደምትተካ ማወቅ አልቻልኩም። ፍለጋዬ የተጀመረው በዚያች ጥያቄ ነው።

በእጄ የነበረው የመጀመሪያ ማስረጃ ቤተሰባችን በየበዓሉ የሚተርከው ታሪክ ነበር። ታሪኩ አጭርና ግሩም ነው፦ ቅድመ አያታችን የዐድዋ ዘመቻ ጊዜ ስንቅ ተሸክመው ከጦሩ ጋር ዘምተው፣ ድሉ ሲገኝ ከጦር ሜዳው ዳር ይህችን ጽጌ ረዳ ነቅለው አመጡ። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ቆሜ ተርኬዋለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል። አሁን ግን ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስቀመጥ ነገሩ አልሠምር አለኝ። አያቴ የተወለዱት በ1918 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው ሲወለዱ እናታቸው ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላቸው ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። የዐድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ቅድመ አያቴ ዐድዋ ዘመቱ የሚባለው፣ ከመወለዳቸው ቢያንስ ዘጠኝ ዓመት ቀድመው መሆኑ ነው።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ተቆጣች። «ታዲያ እናቴ ዋሸች ልትል ነው?» አለችኝ። አላልኩም። ነገር ግን ታሪኩን ለጊዜው ወደ ጎን አስቀምጬ አበባዋን ራሷን ለመጠየቅ ወሰንኩ።

ዕፅዋት በማጥናት ያረጀ አንድ ወዳጅ አለኝ። በመስከረም መጨረሻ ወደ ግቢው ወሰድኩት። አበባዋ ፈክታ ነበር፤ ነጠላ ረድፍ፣ አምስት ሰፋ ሰፋ ያሉ ቅጠሎች፣ ሲፈነዱ ገርጣ ያለ ሮዝ፣ ውለው ሲያድሩ ወደ ነጭ የሚሄዱ፤ መካከሏ ወርቅማ። እንቡጧን አቅፈው የሚይዙት አረንጓዴ ቅጠሎች ረዘም ያሉና ጫፋቸው እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ነው። ወዳጄ ተንበርክኮ በማጉያ መነጽር ብዙ ጊዜ ተመለከታት።

መጀመሪያ ያነሣው ቀጋን ነበር። በደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ቀጋን ያውቀዋል፤ እረኛ ሆኖ ቀዩን ፍሬ ያልለቀመ፣ በእሾሁ ልብሱን ያልቀደደ የለም። ቀጋ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የሚበቅል ብቸኛው የጽጌ ረዳ ዝርያ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ከአገራችን የወሰዳቸውን ዕፅዋት ሮበርት ብራውን መርምሮ ሲዘረዝር «ሮዛ አቢሲኒካ» የሚል ስም ሰጠው፤ ጆን ሊንድሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጽጌ ረዳ ዝርያዎች ባሳተመው መጽሐፍ መግለጫውን ጻፈለት። የእኛይቱ ግን ቀጋ አይደለችም። ቀጋ ዛፍና አጥር ተደግፎ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል፤ አበባው ነጭ ነው፤ ብዙ ሆኖ በዘለላ ያብባል። በአበባው መካከል ያሉት የሴቴ ዘንጎችም እንደ ፈትል ተገምደው አንድ ዓምድ ይሆናሉ። የእኛይቱ አጭር ናት፤ አበባዋ ብቸኛ ወይም ሁለት ሦስት ነው፤ መካከሏም የተገመደ ዓምድ የላትም። ቀጋ ፍሬ በፍሬ ሆኖ ሲቀላ፣ እርሷ ግን በቤታችን ዕድሜ አንዲት ፍሬ አፍርታ ያያት የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ዘመናዊት ትሆን?» የሚል ነበር። ይህን የመለሰችው በዓመት አንዴ ብቻ በማበቧ ነው። ዛሬ በየአበባ መሸጫው የምናያቸው፣ ከአገራችን የአበባ እርሻዎችም በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ የሚላኩት ጽጌ ረዳዎች ዓመቱን ሙሉ የሚያብቡት የቻይና ዘር ስላለባቸው ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የቻይና ጽጌ ረዳዎች አውሮፓ ደርሰው ከቀድሞዎቹ ጋር ተዳቀሉ፤ «ላ ፍራንስ» የተባለችውና እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣችው ጽጌ ረዳ የዘመናዊዎቹ በኵር ትባላለች። በዓመት አንዴ አብባ ዝም የምትል ጽጌ ረዳ እንግዲህ ምናልባት ከዚያ ድብልቅ በፊት ከነበረው ጥንታዊ ወገን ናት። «ከመሸጫ አትገዛትም» አለኝ ወዳጄ፤ «የሚሸጧት እዚህ የሉም።» ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «አያትህ ከወዴት መጣች ነበር ያሉት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከዐድዋ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

በማግስቱ የነገረኝ ታሪክ የሚከተለው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 በቴዎፊል ለፌቭር የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በኢትዮጵያ ተዘዋወረ። በቡድኑ ውስጥ ዕፅዋት የሚሰበስቡ ካርተን ዲሎንና አንትዋን ፔቲ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ ዲሎንን ንዳድ ገደለው፣ ፔቲን ወንዝ ሲሻገር አዞ ወሰደው። በወረቀት መካከል አድርቀው ያቆዩአቸው ዕፅዋት ግን ፓሪስ ደረሱ። እዚያ አሽል ሪሻር የተባለው ሊቅ አንድ በአንድ መርምሮ ስለ አገራችን ዕፅዋት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ከመካከላቸው አንዲት ጽጌ ረዳ ነበረች። የተገኘችው በዱር አይደለም፤ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ተተክላ ነው። ስለዚህም ሪሻር እ.ኤ.አ. በ1847 «ሮዛ ሳንክታ» ብሎ ሰየማት፤ በላቲን «ቅድስት ጽጌ ረዳ» ማለት ነው። መልኳ ሲገለጽ፦ አጭር ቁጥቋጦ፣ ነጠላ ረድፍ አበባ፣ ገርጣ ያለ ሮዝ ሆኖ የሚነጣ፣ በዓመት አንዴ የሚያብብ፣ እንቡጧን የሚያቅፉት ቅጠሎች ረጃጅም።

ስሟም ቢሆን የርስት ክርክር አልቀረለትም። አንድሪውስ የተባለ እንግሊዛዊ ከሪሻር ቀድሞ «ሮዛ ሳንክታ» የሚለውን ስም ለሌላ ጽጌ ረዳ ሰጥቶት ኖሯል። በዕፅዋት ሊቃውንት ሕግ ደግሞ አንድ ስም ለሁለት አይሰጥም። ስለዚህ አልፍሬድ ሬደር እ.ኤ.አ. በ1922 ስሟን ለውጦ በሪሻር መታሰቢያነት «ሮዛ ሪቻርዲ» አላት። ቅድስናዋ ከመዝገቡ ተፋቀ፤ በአውሮፓ ያሉ አትክልተኞች ግን እስከ ዛሬ «የአቢሲኒያ ቅድስት ጽጌ ረዳ» ማለታቸውን አልተዉም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለው እኔን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብፅ ፋዩም አጠገብ ሐዋራ በተባለ ቦታ የሮማውያን ዘመን መቃብሮችን ሲቆፍር ከሙታኑ ጋር የተቀበሩ የአበባ ጉንጉኖች አገኘ። በጉንጉኖቹ ውስጥ ጽጌ ረዳዎች ነበሩ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ቅጠላቸው ተለይቶ ይታይ ነበር። የዘመኑ ትልቅ የጽጌ ረዳ ሊቅ ቤልጅጋዊው ፍራንሷ ክሬፔን መርምሯቸው የሚመስሉት የሪሻርን የሐበሻ ጽጌ ረዳ ነው አለ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የጽጌ ረዳን የዘር ሐረግ ያጠና የነበረው እንግሊዛዊው ኸርስት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ከወላጆቿ አንዷ በፊንቄ ጠረፍ የምትበቅል ጽጌ ረዳ ናት፤ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣት የጢሮሱ ሰው ፍሬምናጦስ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። ፍሬምናጦስ ማለት የእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው የአክሱም ጳጳስ የሆኑት ናቸው።

እስኪ አስቡት። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ የቆመችው ቁጥቋጦ ከፈርዖኖች አገር የመቃብር ጉንጉን፣ ከአባ ሰላማ መርከብ ጋር ስትዛመድ! የዐድዋውን ታሪክ በቀማሁት ቤተሰብ ፊት የምክስበት ነገር አገኘሁ። እንዲያውም ለአክስቴ ልደውልላት ስልኬን አንሥቼ ነበር።

መልሼ አስቀመጥኩት። አንድ ታሪክ ስለ ማረከኝ ብቻ እውነት አይሆንም፤ ይህን ከዐድዋው ተምሬአለሁ። የፍሬምናጦስን ታሪክ የጻፈልን ሩፊኖስ ነው። ወጣቱ እንዴት እንደ ተማረከ፣ በንጉሥ ቤት እንዴት እንዳደገ፣ በአትናቴዎስ እጅ እንዴት እንደ ተሾመ ይተርካል፤ ስለ ጽጌ ረዳ ግን አንዲት ቃል አይወጣውም። የኸርስት የዘር ሐረግም እንደ ቀድሞው አልጸናም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 የደማስቆ ጽጌ ረዳ የሚባሉትን አራት ጥንታውያን በዘረ መል መርምረው ሦስት ወላጆች እንዳሏቸው አሳዩ፤ ኸርስት ለአንደኛዋ ወላጅ ናት ያላት የፊንቄዋ ጽጌ ረዳ ግን ከሦስቱ መካከል አልተገኘችም። ጥናቱ የኛይቱን የሚመለከት አይደለም። ነገር ግን ሊቁ አበባን በዓይኑ አይቶ ወላጁን ሲናገር ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ያስተምራል። የደረቀ ጉንጉንም ቢሆን ይመስላል እንጂ አይመሰክርም።

ስለዚህ ወዳጄና እኔ የተስማማነው በአንዲት ልከኛ ዐረፍተ ነገር ነው፦ የአያቴ አበባ በመልኳ፣ በማበቢያዋና መጣችበት በተባለው አገር ስትመዘን የሪሻር ጽጌ ረዳ ሳትሆን አትቀርም። ማረጋገጫው የዘረ መል ምርመራ ነው፤ እስከዚያው «ሳትሆን አትቀርም» ከሚለው ቃል አናልፍም።

ይህን ዐረፍተ ነገር ይዤ ወደ አክስቴ ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነበር። የፈረንሳዮቹን፣ የግብፁን ጉንጉን፣ የአባ ሰላማን ግምት፣ ግምቱም ለምን እንደማያስተማምን ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያም ስኒውን እያቀበለችኝ «ስለ ፈርዖን እኔ አላውቅም፤ እናቴ ግን ዐድዋ እንጂ ጦርነት ብላ አታውቅም» አለች። ጦርነቱን የጨመርነው እኛ ልጆቹ ነበርን። ዐድዋ የሚለውን ቃል ስንሰማ ከተማ እንደሆነች ረስተን ድሉን ብቻ ሰማን።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ከእናቷ የሰማችውን ነገረችኝ። ቅድመ አያቴ የጎንደር ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ተድረው የመጀመሪያ ልጃቸውን በአርባ ቀኑ ቀበሩ። ሁለተኛዪቱን ሲፀንሱ ለአክሱም ጽዮን ተሳሉ፦ ይህች ከተረፈችልኝ አዝዬ በእግሬ እመጣለሁ። ተረፈች፤ አያቴ ናቸው። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው አዝለዋቸው ከመንገደኞች ጋር ተነሡ፤ ሊማሊሞን ወርደው፣ ተከዜን ተሻግረው ለኅዳር ጽዮን አክሱም ደረሱ። ስለታቸውን አገቡ። ከዚያ ዐድዋ ዘመድ ነበራቸውና እዚያ ሰነበቱ። ለመመለስ ሲነሡ፣ ያስቀድሱባት የነበረች ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ አንዲት አሮጊት መነኵሴ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከጽጌ ረዳዪቱ ሥር የበቀለች ግልገል ነቅለው «ለሕፃኒቱ» ብለው ሰጧቸው። ቅድመ አያቴ በሰባራ ቅል እርጥብ አፈር አድርገው ያዟት። በጀርባቸው ልጅ፣ በእጃቸው ቅል። መንገደኛው ለመጠጥ የሚሳሳለትን ውኃ ለአበባ ታጠጫለሽ እያለ ይሥቅባቸው ነበር አሉ።

ሁለቱም በሕይወት ጎንደር ገቡ። አያቴ አድገው አዲስ አበባ ሲዳሩ ከጎንደሩ ግቢ ቅርንጫፍ ቆርጠው አመጡ። የጎንደሩ ቤት ከብዙ ዘመን በፊት ፈርሷል። ጽጌ በገባ ቁጥር፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በዚያ በአርባው ቀን፣ አያቴ አበባዋን አይተው ለብቻቸው ምን ያንሾካሽኩ እንደ ነበር አሁን ይገባኛል። ከእርሷ ጋር እኩያ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ አብረው መጥተዋል።

በዚያች ቡና ላይ የተሰማኝ ኀፍረት ነው። ለአንዲት ሃያ ዓመት በቅጡ ላልሞላት እናት ክብር እናድርግላት ብለን የጦር ሜዳ ጨመርንላት፤ በዚህም የሄደችውን መንገድ፣ የቀበረችውን ልጅ፣ ያጠጣችውን ውኃ ሁሉ ወሰድንባት። እኔም ቀጥዬ የፈርዖንን ጉንጉን ልደርብባት ነበር። ታላቁ ታሪክ ሐሰት አይደለም፤ ዐድዋም ሐዋራም ነበሩ። ነገር ግን የእርሷ አልነበሩም።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። በመጻሕፍቱ ውስጥ አበባዋን የለቀሙት ስም አላቸው፤ የገለጸው ስም አለው፤ የሰየማትም፣ ስሟን የለወጠውም አላቸው። የተከላት ግን የለም። ዲሎንና ፔቲ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ትግራይ ሲደርሱ በየቅጥሩ ተተክላ፣ ተኮትኩታ፣ ጠጥታ አገኟት። ያች ጽጌ ረዳ ፍሬ የምትሰጥ ባትሆን፣ ልክ እንደ እኛይቱ፣ ወፍ ዘሯን አያደርሳትም፤ ሰው ካልቆረጠና ካልተከለ በቀር ወደ ሁለተኛ ግቢ አትሻገርም። ቅርንጫፍ ቆርጦ የተተከለ ተክል ደግሞ ልጅ አይደለም፤ ያው ተክል ራሱ ነው። ቅድመ አያቴ በቅል የያዟትና እኔ በማጉያ ያየኋት አንዲት ናት። በመካከል አንድ ትውልድ እጁን ቢሰበስብ ኖሮ ታሪኳ እዚያው ባለቀ ነበር።

ሰኔ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ እንደ ዘነበ፣ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ዘጠኝ ቅርንጫፍ ቆረጥን፤ ዋናዋንም ከነአፈሯ ነቅለን በጀርባ የጫነ መኪና አክስቴ ወደምትገባበት ግቢ ወሰዳት። ዋናዋ አልተረፈችም። ከዘጠኙ አምስቱ ጸደቁ። አንዷ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ የእኅቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ አንዷ ከወዳጄ ዘንድ ናት፤ አንዷን ከመሸጫ እንግዛ ያለው ዘመዳችን ሳይጠየቅ ወሰዳት፤ አንዷ ከእኔ ጋር አለች፤ አንዷ አክስቴ ጋ ናት።

ለእያንዳንዷ ጣሳና ጀሪካን የሚሰካ ጠፍጣፋ እንጨት አዘጋጅቼ ነበር። በላዩ ሁለት መስመር ጻፍኩ። በመጀመሪያው «ሮዛ ሪቻርዲ፤ ሳትሆን አትቀርም»፤ በሁለተኛው «የእናቴ»። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። የመጀመሪያውን አልፋ ሁለተኛው ላይ ቆመች።

«የማን እናት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አያቴ «የእናቴ» ሲሉ ቅድመ አያቴን ማለታቸው ነበር፤ አክስቴ ስትል አያቴን ማለቷ ነው፤ የእኅቴ ልጆች ሲሉ ደግሞ እኅቴን ይሆናል። እስክሪብቶውን ሰጠኋት። እንጨቱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ከሁለቱ መስመሮች በታች፣ በተጨነቀ የፊደል ሠራዊት ትምህርት ቤት ጽሕፈቷ፣ የቅድመ አያቴን የክርስትና ስም ጻፈች። ከዚያም ቀሪዎቹን አራቱን እንጨቶች አምጣ አለችኝ።